ግጥሙም ጥናቱም ቤታችሁ ነው ያለው

ፈተና ደርሷል፤ ክለሳ ላይ ነን። ሰሞኑን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የግጥም ቃላትን፣ ዘይቤዎችንና የጥናት ጽሑፍ አጻጻፍን እየከለስን ነው። አንድ ነገር ስለከነከነኝ ልጻፈው ብያለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። በተለይ ወላጆች እንድታነቡት እፈልጋለሁ።

ተማሪዎቻችን ብያኔውን አሳምረው ያውቁታል። «ተለዋጭ ዘይቤ ምንድን ነው?» ብትላቸው አንድ ቃል ሳይስቱ ይወጡታል። «እሺ፣ ምሳሌ ስጡኝ» ስትል ግን ክፍሉ በሙሉ «አበበ አንበሳ ነው» ይልሃል። ለተነጻጻሪ ዘይቤ ደግሞ «አበበ እንደ አንበሳ ነው»። እስኪ አስቡት፣ ገራዶ ተወልዶ ያደገ ልጅ አንበሳ የት አየ?

ውርጭ ግን ያውቃል። «አንበሳውን ተዉት፣ ያያችሁትን አምጡ» ስላቸው አንዷ ልጅ «የአያቴ ኩርፊያ የጥቅምት ውርጭ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ጠዋት ስትነሣ ግን ባቄላው ተቃጥሏል» ብላ ጻፈች። በቃ፣ ተለዋጭ ዘይቤ ማለት ይህ ነው። «እንደ ጥቅምት ውርጭ ነው» ብትል ደግሞ ተነጻጻሪ ይሆንላታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱን ልዩነት የጠየቀኝ ልጅ የለም።

ዘይቤ የመጽሐፍ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሳናውቀው ስንናገረው የምንውል ነገር ነው። «ሆዴ ባባ»፣ «እጁ ረጅም ነው»፣ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ» ስንል በዘይቤ እያወራን ነው። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ «የአማርኛ ፈሊጦች» የሚለውን መጽሐፍ ያዘጋጁት እንዲህ ያለውን አነጋገር ሰብስበው ነው። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ «ጦሳ ጋቢውን ተከናነበ» ያለ ሰው ሰውኛ ዘይቤ ተናገረ። ጎረቤቷን «ከጠራሁሽ እኮ መቶ ዓመት ሆነኝ» ያለች ሴት ግነት ተናገረች። አርፍዶ የመጣን ልጅ «እንኳን በጊዜ መጣህልን» ያለ አባት ምጸት ተናገረ። ልጆቹ ነገሩን በእጃቸው ይዘውታል፤ የጎደላቸው ስሙን ከነገሩ ጋር የሚያገናኝላቸው ሰው ነው።

ሰምና ወርቅም እንደዚያው ነው። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። አንድ ሽማግሌ «አባይን አምኜ አልሻገርም» ቢሉ ሰሙ ወንዙ ነው፤ ወርቁ ውሸታሙ ሰውዬ ነው። አባይ ወንዝም ነው፣ ዋሾም ነው። ይህን የሰማ ልጅ ኅብር ቃል ምን እንደሆነ እስኪሸመግል አይረሳውም።

ስለ ምጣኔም ጭብጨባ ይበቃል። የወል ቤት ስንኝ 6 እና 6 ቀለም ነው፤ ሰንጎ መገን 5 እና 5፤ ቡሄ በሉ 4 እና 4። ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ ስለሆነ ድምፁ የተዋጠ ሳድስ ፊደል አይቆጠርም። በቡሄ ሰሞን በየበሩ ሲጨፍር ያደገ ልጅ ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ወረቀት ላይ ሲመጣ ነው የሚጠፋበት።

አሁን ወደ ጥናት ጽሑፉ ልምጣ፣ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው።

«የአማርኛ ሥነ ግጥም ታሪክ» የሚል ርዕስ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሰጥተን በሳምንት አምጣ ስንለው ምን እንዲያደርግ ነው የምንጠብቀው? ከቴሌግራም ያወርዳል፣ ወይም ቻት ጂፒቲን ይጠይቃል። ከዚያ አምስት ልጅ አንድ ዓይነት ወረቀት ያስረክባል። ልጆቹን ሰነፍ ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ርዕሱ ራሱ ቅዳ ይላል ባይ ነኝ። ማንም ያልጻፈውን ነገር ብትጠይቀው ከየት ይቀዳዋል?

ወሎ ላይ ደግሞ ያልተጻፈ ነገር ሞልቷል። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸው እዚሁ ካሉ ቦታዎች ጋር አንድ ነው። ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ የወሎ ዓሊሞች አማርኛ ግጥም በዓረብኛ ፊደል፣ በአጀም፣ ጽፈዋል። መንዙማው፣ የዱበርቲው ዱዓ፣ የሽማግሌዎች ምርቃት፣ የሠርጉና የደቦው ዘፈን፣ ሙሾው፣ እሹሩሩው ሁሉ ስንኝና ዘይቤ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ሁለቱን ትምህርት አንድ እናድርጋቸው። ርዕሱ ይጥበብ። «በሰፈራችን እህል ሲወቃ የሚባሉ ስንኞች ስለ በሬ ምን ይላሉ?» በቂ ነው። ልጁ ሄዶ አያቱን ይጠይቅ። የሰማውን ሳያሳምር፣ በሰማው አነጋገር ይጻፍ። ከማን፣ የት፣ መቼ እንደሰማው ይመዝግብ። ስማቸው እንዲጻፍ ይፈቅዱ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ጸሎትና ዱዓ ከሆነ ደግሞ እንዲጻፍ ራሱ ፈቃድ ይለመን። ከዚያ ዘይቤውን ለይቶ፣ ምን ማለት እንደሆነ በራሱ ቃል ያብራራ። የሰማውና የራሱ አስተያየት እንዳይደባለቁ የሰማውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገባ። መነሻ ጥያቄ፣ መረጃ፣ ትንተና፣ ምንጭ፣ ሁሉም በሁለት ገጽ አለቀ።

«ምንጭ መጥቀስ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ኧረ በጭራሽ! ሐዲስ የቀራ ሰው ኢስናድ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ማን ከማን እንደሰማው ሳይነገር ቃሉ ብቻውን አይወሰድም። የቅኔ ተማሪም የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያሰማ ነውር ነው። ዳኝነት የተቀመጡ ሽማግሌዎችም መጀመሪያ የሚጠይቁት «አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን ሰማህ?» ነው። ይህን የሚያውቅ አገር ልጆች ከቴሌግራም ገልብጠው የራሳቸውን ስም ሲጽፉበት ዝም ማለት አልነበረብንም።

«ይሄ እኮ ለ12ኛ ክፍል ፈተና አይጠቅምም» የሚሉ ወላጆችም አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። በብሔራዊ ፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ለአንድ ነገር ብቻ አልሰጠውም። ግን ያነበበውን በራሱ ቃል መናገር የማይችል ልጅ የትኛውን ፈተና ነው የሚያልፈው? ሰምቶ መለየት፣ ለይቶ ማስረዳት ለፊዚክስም ለታሪክም ያው ነው።

«ክፍሉ ብዙ ነው፣ ማን ያርመዋል?» ለሚሉ ባልደረቦቼም መልስ አለኝ። በቡድን ይሥሩት። ደግሞም ሰባ የተለያየ ወረቀት ማንበብ ሰባ ጊዜ አንድ ወረቀት ከማንበብ ይቀላል። እመኑኝ! ዶክትሬትም አይጠይቅም፤ እኔ ባለ ዲፕሎማ ነኝ፣ የሚያስፈልገው ደብተርና ትዕግሥት ነው።

የምቸኩልበት ምክንያት አለኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ስንት የትምህርት ተቋም እንደተዘረፈ ሁላችንም እናውቃለን። የጠፋ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ሊገኝለት ይችላል። በአንዲት እናት ቃል ብቻ ያለ ሙሾ ግን ቅጂ የለውም፤ እሳቸው ሲያርፉ አብሮ ይቀበራል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ በዚህ ሳምንት ደብተር ይዞ መጥቶ «እማዬ፣ ስታስተኚኝ ምን ትዪኝ ነበር?» ካለ «ሂድና ትምህርትህን አጥና» አትበሉት። እያጠና ነው። ቡና አፍሉና ንገሩት። አያት ካለች ደግሞ መጀመሪያ እሷን ይጠይቅ።