የክብደት መቀነሻ መድኃኒትና የጤና መድህን፦ ከማታር የጤና ባለሙያዎች የተሰጠ የአቋም መግለጫ

በጋምቤላ ክልል በዋንቱዋ ወረዳ በማታር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የምንሠራ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች እንዲሁም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በማኅበራችን በኩል ተሰብስበን መክረን ይህን አቋም ይዘናል። የመከርንበት ጉዳይ፣ ክብደት ለመቀነስ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡትን መድኃኒቶች፣ በተለይም ሴማግሉታይድንና ቲርዜፓታይድን፣ የሕዝብ የጤና መድህን ሊሸፍናቸው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። ክብደት ለመቀነስ ብቻ ከሆነ አሁን ሊሸፍን አይገባም እንላለን። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ለተደረበበት፣ ከመጠን በላይ ለወፈረ የስኳር ታካሚ ግን በሩ ሊዘጋ አይገባም። ከሁለቱም በፊት መድህኑ እስከ ዛሬ ቃል የገባውን ያቅርብ።

ይህ የአዲስ አበባ ጥያቄ ነው፣ ማታር ምን አገባት የሚል አይጠፋም። አገባን። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ፤ ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ናቸው። በወንዶች ደግሞ 33 በመቶው ቀጭን፣ 3 በመቶው ወፍራም ነበር። የወፈሩት በአብዛኛው በከተሞች፣ ከሁሉም በላይ በአዲስ አበባ የሚገኙ ናቸው። መድህን ግን የጋራ ገንዘብ ነው፤ አንዱ ጋ የሚወጣው ብር ሌላው ጋ ይጎድላል። መድህኑ ስለሚሸፍነው የአገልግሎት ጥቅል ሲወሰን ድምፃችን መሰማት ያለበትም ለዚህ ነው።

የእኛን ሥራ በአንድ ዕቃ ማሳየት ይቻላል። በየቀኑ ከእጃችን የማይለየው የሕፃናት የክንድ ዙሪያ መለኪያ ሪባን ሦስት ቀለም አለው። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀዩ ነው፤ ሕፃኑ በጠና የምግብ እጥረት ተይዟል ማለት ነው። ቀጥሎ ቢጫው፣ ከዚያ አረንጓዴው ይመጣል። ከአረንጓዴው ማዶ ምንም ምልክት የለም፤ ሪባኑ የተሠራው ስለ ውፍረት እንዲጠየቅበት አይደለም። ለአዋቂ የሚሆን አስተማማኝ ሚዛን፣ የወገብ መለኪያና የቁመት ልክ በአንድ ክፍል ተሟልተው ማግኘትም በእኛ አካባቢ ቀላል አይደለም። ሰውነቱ ተመዝኖ የማያውቅን ሰው ለክብደቱ መድኃኒት ይገባሃል ወይም አይገባህም ለማለት ድፍረቱ የለንም።

ይህን ስንል ውፍረት በሽታ አይደለም ማለታችን አይደለም። በከተሞቻችን ወፈር ያለ ሰው ደልቶታል ተብሎ ይመረቃል፤ ዞር ሲል ደግሞ ሰነፍ ነው፣ ሆዳም ነው ይባላል። ሁለቱም ሐኪም የሚናገረው ነገር አይደለም። መድኃኒቶቹም የሚሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ዋናው ጥናት ሴማግሉታይድ በ68 ሳምንት ውስጥ የሰውነትን ክብደት በአማካይ 15 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ 17,604 የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸውን ወፍራም ሰዎች የተከታተለው ሌላ ጥናት ደግሞ ለድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ለስትሮክና በልብና የደም ሥር ሕመም ለመሞት ያለውን አደጋ በ20 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል። ነገር ግን መድኃኒቱ ሲቋረጥ ከቀነሰው ክብደት ሁለት ሦስተኛው ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። የሦስት ወር ኮርስ አይደለም ማለት ነው፤ መድህኑ አንዴ ከጀመረ ለዓመታት ይከፍላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 እነዚህን መድኃኒቶች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ ለማን እንደሆኑም ለይቶ አስቀምጧል፦ ዓይነት 2 ስኳር ኖሮት የልብና የደም ሥር ወይም የኩላሊት ሕመም ለተደረበበት ወፍራም አዋቂ። ለውፍረት ብቻ አላስገባቸውም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ያወጣው መመሪያ ለውፍረት ሕክምናም እንዲውሉ የሚፈቅድ ምክር አለው፤ ምክሩ ግን በሁኔታ የታሰረ ነው። የእኛ አቋም ከዚህ ልዩነት ይነሣል።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን የስኳር ታማሚ ሊነገር የሚገባው አንድ ነገር አለ። ስኳር ያለበት ሁሉ ወፍራም አይደለም። የጎንደር ሐኪሞች ለአሥርተ ዓመታት ሲመዘግቧቸው የኖሩት፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር ያለባቸው ቀጫጭን የገጠር ታካሚዎች አሉ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2025 ዓይነት 5 ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። እንዲህ ላለ ሰው የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መርፌ መስጠት ጉዳት ነው። በመድህኑ ሰነድ ላይ የስኳር መድኃኒት ተብሎ ሳይለይ ቢጻፍ፣ ስህተቱ መጀመሪያ የሚደርሰው እንደ እኛ ወዳለ ቦታ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ 13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የተስፋፋው፤ ወደ አርብቶ አደር አካባቢዎች የደረሰው ዘግይቶ ነው። መዋጮው ከአባወራና ከእማወራ በዓመት አንዴ ይሰበሰባል፤ ለድሆቹ መንግሥት ይከፍላል። አዝመራ የሚሰበስብ ገበሬ ጥር ላይ ብር ይኖረዋል። እኛ ጋ ግን ለመዋጮ ገንዘብ የሚገኘው ከብት ሲሸጥ ነው፤ ከብቱ ደግሞ በባሮ ወንዝ ሙላትና በበሽታ ይጠፋል። ሴማግሉታይድ በአሜሪካ ገበያ ለውፍረት ሲወጣ በወር 1,349 ዶላር፣ በዓመት ከ16,000 ዶላር በላይ ነበር። ዶላር በ100 ብር እንኳ ቢታሰብ 1.6 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ዋጋው ወርዷል፤ ገናም ይወርዳል። በአሥረኛው ቢቀር እንኳ 160,000 ብር ለአንድ ሰው ለአንድ ዓመት ነው። የአንድ ወረዳ የመድህን ቋት ይህን የሚችለው ለስንት ሰው ነው?

ሀብታሞቹም ተቸግረዋል። የአሜሪካዋ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች የጤና መድህን ለክብደት መቀነሻ መርፌዎቹ ሲከፍል ቆይቶ፣ ወጪው ስለከበደው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 አቋርጧል። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎትም ቲርዜፓታይድን ሲጀምር በሦስት ዓመት ውስጥ 220,000 ያህል ሰው ብቻ እንዲያገኝ፣ ያውም በጣም ከታመመው ጀምሮ፣ ተራ አስይዟል።

የእኛ ሕግ ራሱ ምን እንደሚል ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2002 ዓ.ም. በወጣው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 መሠረት የተዘጋጀው ደንብ ቁጥር 271/2005 የማይሸፈኑትን ሲዘረዝር የውበት ቀዶ ሕክምናን፣ መነጽርን፣ የመስሚያ መሣሪያን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን፣ የአካል ንቅለ ተከላንና ከድንገተኛ የኩላሊት መድከም በቀር ዲያሊስስን ያነሣል። ኩላሊቱ ለቆመበት ሰው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያስፈልገው ዲያሊስስ ውጭ ተቀምጦ እያለ፣ የክብደት መርፌ በሌላ በር ሊገባ አይገባም። ዝርዝሩ ይከለስ ከተባለ ከዲያሊስስ ይጀመር።

ሌላው እንቅፋት ሙቀቱ ነው። እነዚህ መርፌዎች ከመከፈታቸው በፊት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለባቸው፤ ከተከፈቱም በኋላ ከ30 ዲግሪ በላይ አይችሉም። በበጋ በማታር ከ30 በታች የሆነ ቀትር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ማቀዝቀዣ ያለበት የጤና ተቋምም ከክትባት አልፎ ለሌላ ቦታ የለውም። ይህ ችግር ኢንሱሊንንም ይመለከታል፤ ኢንሱሊን ግን የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ማቀዝቀዣው መጀመሪያ ለእሱ ይሁን።

አሁን ዋናውን ቅሬታችንን እናንሣ። የመድህን አባል ካርዱን ይዞ ይመጣል፣ ይመረመራል፣ ወረቀት ይጻፍለታል። ከዚያ በፋርማሲው መስኮት «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። ከውጭ የሚባለው እኛ ጋ ጋምቤላ ከተማ ነው፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ይቆረጣል፣ በጀልባ ካልሆነ አይወጣም። የደም ግፊት መድኃኒት ርካሽ ነው። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንም እንዲሁ። ሁለቱም ግን ይጠፋሉ። በጣት ደም ስኳር የሚለካበት ወረቀት እንኳ ሲያልቅ ለወራት ይጠፋል። ካርዱን ሁለት ጊዜ ይዞ መጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው በሦስተኛው ዓመት አያድስም፤ እኛም አድስ ብለን ለመምከር እናፍራለን። የሚገባው ያልቀረበለት አባል ያዋጣውን ብር ለአዲስና ውድ መድኃኒት መመደብ ቋቱን ያፈርሳል።

ክብደትን በተመለከተ መድህኑና መንግሥት ሊከፍሉበት የሚገባ ነገር በእኛ በኩል ካለ፣ እሱ የሚጨምረው እንጂ የሚቀንሰው አይደለም። በጠና ለተጎዳ ሕፃን የሚሰጠው የለውዝ ቅባት፣ ሁሉም ፕላምፒነት የሚለው፣ በአንዱ 92 ግራም ፓኬት 500 ካሎሪ ይይዛል። በአገራችንም ሂሊና የተባለው ፋብሪካ ያመርተዋል። የሚገዛበት ገንዘብ ግን በአብዛኛው ከለጋሽ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በገንዘብ እጥረት የ650,000 የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምና እንደሚቋረጥ በኢትዮጵያ ሲያስታውቅ፣ በዚያው ሰሞን ማታርና አካባቢዋ ከደቡብ ሱዳኗ ናስር በኩል ጦርነት ሽሽት የመጡ ሰዎችንና ኮሌራን አንድ ላይ ተቀብለው ነበር። የሕፃን ሕክምና በሌላ አገር ምክር ቤት የበጀት ውሳኔ መንጠልጠሉ ይብቃ።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ጤና መድህን አገልግሎትና ጤና ሚኒስቴር ሴማግሉታይድንና መሰሎቹን ለክብደት መቀነሻ ብቻ በአገልግሎት ጥቅሉ ውስጥ እንዳያስገቡ እንጠይቃለን። በሪፈራል ሆስፒታሎች፣ በስፔሻሊስት ትእዛዝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለለየው የስኳር ታካሚ ግን የወረዳ ቋት ሳይነካ ከፌዴራል በጀት ይጀመር። የሴማግሉታይድ የባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ2026 በሕንድ፣ በቻይናና በብራዚል ስለሚያበቃ፣ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ርካሹን አምሳያ ከወዲሁ ይደራደርበት። የጋምቤላ ክልል ጤና ቢሮ የግፊትና የስኳር መድኃኒቶችን የሦስት ወር ክምችት ክረምት ሳይገባ ማታር ያድርስ፤ ለሕፃናቱ የለውዝ ቅባትም በመንግሥት በጀት የራሱ መደብ ይከፈትለት።

በእኛም በኩል የማኅበሩ አባላት ለመቅጠን ብቻ እነዚህን መርፌዎች አንጽፍም፤ በዘመድ ሻንጣ ወይም በገበያ የመጣ መርፌ ስናይ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እናሳውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ (የሴማግሉታይድ የንግድ ስም ነው) ማስጠንቀቂያ አውጥቷልና ይህን እንደ ቀላል አናየውም። የጠፉትን የመድህን መድኃኒቶች ስምና የጠፉበትን ቀን መዝግበን በየሩብ ዓመቱ ለክልሉ እንልካለን። ይህ አቋም ርካሹ አምሳያ በአገራችን ሲመዘገብ እንደገና ለጉባኤ ይቀርባል።