«ብዙም አልቆየም» የሚባለው ባሕረተኛ

ነጭ የባሕር ኃይል ልብስ የለበሰ ወጣት ፎቶ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ቤተሰብ ዛሬም አለ። እንግዳ ማንነቱን ሲጠይቅ መልሱ ያጥራል፦ «አጎታችን ናቸው፤ ባሕር ኃይል ነበሩ።» በየትኛው መርከብ? ምን እየሠሩ? «ኧረ እሳቸው ብዙም አልቆዩ» ይባልና ጨዋታው ወደ ቡናው ይመለሳል።

ይህ ሰበብ ውኃ አያነሳም። እንዲያውም ከአጫጭሮቹ አገልግሎቶች ነው ብዙ የሚገኘው። ሃያ ዓመት የከረመ መኮንን ስለ አዛዦች፣ ስለ ሹመትና ስለ ፖለቲካ ያወጋል፤ አንድ ዓመት የቆየው ምልምል ግን የሞተር ክፍሉን ወበቅ፣ የመኝታውን ጥበትና የመጀመሪያውን ማዕበል አይረሳም።

ብዙ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ምልምሎች ከደጋ የወረዱ፣ ከምፅዋ በፊት ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ የተማሩባት መርከብ ደግሞ ከእነሱ በፊት ጦርነት አይታ የመጣች ናት። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ ጥር 1936 ዓ.ም. «ኦርካ» በሚል ስም ሥራ የጀመረችው መርከብ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ ውኃዎች ተሰማርታለች። ሥራዋ ውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና፣ ለሠራተኞቻቸውም ማደሪያ ማቅረብ ነበር። በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው፤ በባሕር ኃይሉ ውስጥ የሚያህላት አልነበረም። ለአውሮፕላን ሠራተኞች ተብሎ የተሠራው ትርፍ መኝታ ለዕጩ መኮንኖችና ለባሕረተኞች ሥልጠና ተመቸ። በየዓመቱ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ምፅዋ ሲወርዱ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም መልሕቃቸውን ሲጥሉ፣ የአገሩ ዋና መርከብ እሷው ነበረች።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቆጭ ሒሳብ አለ። መርከቧ በአሜሪካ ባንዲራ በሥራ ላይ የቆየችው በሁለት ዙር 12 ዓመት ያህል ሲሆን በኢትዮጵያ ባንዲራ ግን እስከ 1983 ዓ.ም. 29 ዓመት አገልግላለች። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የ«ኦርካ»ን ጉዞ ወደብና ወር እየጠቀሰ መዝግቦ ለማንም አንባቢ ክፍት አድርጎታል። ከእጥፍ በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ዘመኗ በአመዛኙ ያለው በሽማግሌዎች አንደበት ነው። እነሱም እያለፉ ነው።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ለኤርትራ ነፃነት ይዋጋ በነበረው በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ መርከቧ ከሌሎች ጋር ወደ የመን ሸሸች፤ በፈረንጆች 1993 እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተቀጠረ ባሕረተኛ አገልግሎቱ ያጠረው በስንፍናው አይደለም፤ የሚያገለግልበት ነገር ከሥሩ ስለጠፋ ነው። ቤተሰቡ «ብዙም አልቆየም» ሲል ይህን ልዩነት ልብ ይበል።

ትዝታው ሁሉ የደስታ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ምፅዋ ወደብ ብቻ ሳትሆን የጦር ግንባርም ነበረች፤ ያንኑ ባሕር ኃይል አንድ የኤርትራ ቤተሰብ በሌላ ዓይን ያስታውሰዋል። ሁለቱም ወገን ይጻፍ።

መንግሥት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የባሕር በር በሌለበት፣ ባሕር ኃይሉን እንደገና እያቋቋመ ነው። የዚህ ጸሐፊ አቋም፣ አዲሱ ተቋም ዕጩዎቹን ከማሠልጠኑ ጎን ለጎን የቀድሞዎቹን ባሕረተኞች ቃል በድምፅ ይቅረጽ የሚል ነው፤ ከአገር ውስጥም፣ ከስደት አገርም። እስከዚያው ቤተሰብ የበኩሉን ማድረግ ይችላል፦ ፎቶውን ከግድግዳው አውርዶ ጀርባውን ማየት፣ ማዕረጉን፣ ዓመቱንና የመርከቧን ስም መጻፍ፣ አጎትየው በሕይወት ካሉም ሞተር ክፍል፣ ሬዲዮ፣ መድፍ ወይስ ወጥ ቤት እንደነበሩ መጠየቅ።