ትልቅ ሴንሰር ወይስ ትንሽ? የሳንጃው ፎቶ አንሺ የትኛውን ይግዛ?

ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሳንጃ የሚሠራ ፎቶ አንሺ በአንድ ዓመት ውስጥ የምሽት ሠርግም፣ የሰሊጥ አጨዳም፣ ዕድል ከቀናው የቆላ አውሬም ያነሳል። ገንዘቡ ግን ለአንድ ካሜራ ብቻ ይበቃል። ሁለት ጸሐፊዎች የተሟገቱት በዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ ትልቁን ይግዛ

ሙግታቸውን ከስፋት ይጀምራሉ። ፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር፣ ማለትም 864 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ማይክሮ ፎር ሰርድስ ደግሞ 17.3 በ13፣ ወደ 225 ካሬ ሚሊሜትር። የሌንሱ ኤፍ ቁጥርና የመዝጊያው ፍጥነት እኩል ሲሆኑ ትልቁ አራት እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል።

ዳስ ውስጥ አንድ አምፖል በርቶ እስክስታ ሲወርድ ይህ ልዩነት በዓይን ይታያል። ፎቶ አንሺው አይኤስኦውን ከፍ ሲያደርግ በትንሹ ሴንሰር የሙሽራዋ ፊት አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በትልቁ ግን ጥርት ብሎ ይወጣል። ፍላሽ ቢያበራ ደግሞ የምሽቱ ድባብ ይጠፋል።

ከሩቅ ላለ አውሬም መልስ አላቸው። ኒኮን ዲ850 45.7 ሚሊዮን ፒክስል ስላለው የምስሉ መሐል ከፉል ፍሬም በሚያንሰው በኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ልክ ቢቆረጥ እንኳ ወደ 19 ሚሊዮን ይተርፋል። ትልቁን የገዛ ትንሹንም ይዟል፣ ይላሉ።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ ትንሹ ይበቃል

ቆርጦ ለሚጥለው ምስል ለምን ሙሉ ዋጋ ይክፈል? ሲሉ ይጠይቃሉ። ደግሞ ሸክሙ አለ። ካኖን ለፉል ፍሬም የሠራው አርኤፍ 600 ሚሊሜትር ኤፍ/4 ሌንስ ከ3 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በማይክሮ ፎር ሰርድስ ያንኑ የዕይታ ስፋት የሚሰጠው የኦሊምፐስ 300 ሚሊሜትር ኤፍ/4 ግን 1.5 ኪሎ አይሞላም። በቆላው ሐሩር ቀኑን ሙሉ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ሰሊጡ ማሳም ይወስዱናል። ነዶው ተደጋግፎ በሂላ የቆመው ሰሊጥ ሲደርቅ የፍሬው ማቀፊያ ከጫፉ ይሰነጠቃል፤ ገበሬው ነዶውን ሸራ ላይ ገልብጦ ሲያራግፈው ፍሬው ይዘንባል። 3 ሚሊሜትር ያህል የምትረዝመው አንዷ ፍሬ በማክሮ ሌንስ በትክክለኛ መጠኗ ስትነሳ በፉል ፍሬም የምስሉን ወርድ አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ በማይክሮ ፎር ሰርድስ አንድ ስድስተኛ ያህል ትይዛለች።

በ2008 ዓ.ም. ቋራ በሚገኘው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩን ለዓለም ካረጋገጡት ማስረጃዎች አንዱም አውሬ ሲያልፍ በራሱ በሚያነሳ ካሜራ የተገኘ ፎቶ ነበር። የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከስልክ ካሜራ አይበልጥም። የምሽቱን ሠርግ ግን ለተሟጋቻቸው ይለቃሉ።

እንግዲህ የሳንጃው ፎቶ አንሺ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ያለፈውን ዓመት ሥራውን ይቁጠር። ገቢው በአብዛኛው ከምሽት ሠርግ ከሆነ ፉል ፍሬሙን ይግዛ፤ ከማሳና ከዱር ከሆነ ትንሹን ይያዝና የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ ሌንስ ያውለው።