ጋኔኑ ብረቱ ላይ ይቀረጽ፣ ሰውየውን እንተወው

ቡዳ የሚለው ቃል ተራ ቀልድ ከመሰላችሁ፣ ልጁን ለብረት ቀጥቃጭ ልጅ ለመዳር የሚያቅማማ ቤተሰብ ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ።

በመቱ፣ በጎሬና በኡካ ዙሪያ ያለው ገበሬ ማረሻውም ማጭዱም ለዘመናት የወጣው ከቱምቱ እጅ ነው። ቱምቱ በኦሮምኛ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ በሰሜኑ ጠይብ የምንለው። የሠራውን እንወስዳለን፣ እሱን ግን «ሌሊት ጅብ ይሆናል» እያልን እንሸሸዋለን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ ጆሯቸው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለባቸው ጅቦች አይቻለሁ ብሎ እስከ መጻፍ ደርሷል። በድሮ የብራና ክታቦችም ቡዳና ነሃቢ አብረው ይጠራሉ፤ ነሃቢ በግዕዝ ቀጥቃጭ ነው። የሚገርመው ክታቡ የሚያዝበትን የብር ማኅደር የሚሠራውም ያው ብረት አንጥረኛ መሆኑ ነው።

ብረትንና ጋኔንን አንድ ላይ ያሰብን እኛ ብቻ አይደለንም። ጃፓኖች በሰይፍ እጀታ ላይ በሚለጠፍ፣ ከአውራ ጣት በማይበልጥ ጌጥ ላይ ኦኒ የሚሉትን ባለቀንድ ጋኔንና ጋኔን አሳዳጁን ሾኪን ቀርጸዋል። እዚያ ጋኔኑ ብረቱ ላይ ቀረ፣ ቀራጩ ተከበረ። የጎቶ ቤተሰብ ለትውልዶች የገዢዎቹ አንጥረኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 ሰይፍ መታጠቅ ሲከለከል የእጀታ ጌጥ ሠሪዎች ሙያቸውን ወደ ሌላ ጌጣጌጥ አዞሩ፤ ካኖ ናትሱኦ የተባለው አንጥረኛም በ1890 የንጉሠ ነገሥቱ ቤት አርቲስት ተብሎ ተሾመ። እኛ ጋኔኑን ሰውየው ላይ ለጠፍነው፤ ሙያውም አብሮት ተዋረደ።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አውጀዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ቢያሸሸው እንኳ ከጋብቻ ምክርና ከቡና ወሬ አላወጣውም።

«ባህላችን ነው» የሚል አይጠፋም። ተረቱን ማንም አይንጠቀን። ጉትቻ ያደረገው ጅብ ግሩም ታሪክ ነው፤ በብር ቀለበት ላይ ቢቀረጽ የማይገዛው ማን ነው? ግን ከቀለበቱ ጀርባ የሠሪው ስም ይጻፍ። መስቀልም ጉትቻም ስንገዛ «ማን ሠራው?» ብለን እንጠይቅ። የአገር ሽማግሌውም፣ ቄሱም፣ ሼኹም ለጋብቻ በሚቀመጡበት ምክር ላይ «ዘሩ ምንድነው?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ዝም አይበሉ። ስድቡ የሚኖረው እዚያ ነውና መሞት ያለበትም እዚያው ነው።