ክብሪቱን ትተን ሰዓት እንመልከት

የሚጥል በሽታ የተነሣበት ሰው አደባባይ ላይ ሲወድቅ በዙሪያው የሚሰበሰበው ሕዝብ ሁለት ነገሮችን በፍጥነት ያደርጋል። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ወደ ወደቀው ሰው አፍንጫ ያስጠጋል፤ ሌላው ሁሉ ራቅ ብሎ ፊቱን ያዞራል። በእንጅባራ ገበያም ሆነ በአዲስ አበባ አውቶቡስ ማቆሚያ ትዕይንቱ ያው ነው። ይህ ጸሐፊ ሊከራከር የሚፈልገው ግን ከክብሪቱ ይልቅ ስለ ሁለተኛው ነው። ፊቱን ያዞረው ሰው ከታማሚው ላይ አንድ ትልቅ ነገር ይወስድበታል፤ የሚወስድበትም የሕመሙን ምርመራ ነው።

አንጎል በኤሌክትሪክ ይሠራል ሲባል ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። ያረፈ የነርቭ ሕዋስ ውስጠኛው ክፍል ከውጪው ጋር ሲነጻጸር በ70 ሚሊቮልት ገደማ ዝቅ ያለ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህን ልዩነት የሚሸከመው የሕዋሱ ሽፋን ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ ያንሳልና፣ ልዩነቱን ለውፍረቱ ስናካፍለው በሜትር 10 ሚሊዮን ቮልት አካባቢ እናገኛለን። አየር እንኳ በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ሲደርስበት ተሸንፎ ብልጭታ ያሳልፋል! በጤናማ አንጎል ውስጥ ቢሊዮን ሕዋሳት ይህን ኃይል በየተራቸው፣ እርስ በርስ እየተቆጣጠሩ ይጠቀሙበታል። በገበያ ቀን ሁሉም የየራሱን ጉዳይ እንደሚያወራ ማለት ነው። ገበያተኛው በሙሉ ባንድ ጊዜ አንድ ቃል እየደጋገመ መጮህ ቢጀምር መሸጥም መግዛትም ይቆማል። በሽታው ሲነሣ በአንጎል ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው።

ሥርዓቱን የሚያናጉ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። በተራዘመ ምጥ አየር ያጠረው የሕፃን አንጎል፣ ማጅራት ገትር፣ የአንጎል ወባ፣ ከፈረስ ወይም ከመኪና አደጋ የተረፈ የራስ ጉዳት፣ በዕድሜ በገፉት ላይ ደግሞ ስትሮክ ጠባሳ ትተው ያልፋሉ፤ ጠባሳውም ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ መነሻ ይሆናል። በዘር የሚመጣም አለ። በግማሽ ያህሉ ታማሚዎች ምክንያቱ አይታወቅም። በነገራችን ላይ፣ በሌላው ዓለም ብዙ ሰው የሚጥለው የአሳማ ኮሶ እጭ ወደ አንጎል ገብቶ ነው፤ እኛ ከጥሬ ሥጋ የምናገኘው የከብት ኮሶ ግን ይህን አያደርግም። ስለዚህ ክትፎ በዚህ ወንጀል አይጠየቅም።

ይጋባል የሚለውን ፍርሃት በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ አይጋባም። አረፋው ምራቅ እንጂ መርዝ አይደለም። ኤሌክትሪኩም ቢሆን በራስ ቆዳ ላይ ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ100 ማይክሮቮልት አይበልጥም፤ የአንድ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ከዚህ 15,000 ጊዜ ይበልጣል። ባትሪ ድንጋይ በእጁ ለመያዝ የሚፈራ ሰው አላየሁም።

ክብሪቱ ለምን «ይሠራል»? አብዛኛውን ጊዜ መንዘፍዘፉ ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ በራሱ ይቆማል። ሰው እስኪሰበሰብ፣ ክብሪት እስኪፈለግ፣ ሁለት ሦስቱ እስኪጫር ሦስት ደቂቃ ያልፋል። ክብሪቱ ባይጫርስ ኖሮ? ይህን ጥያቄ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በቤተ ሙከራ ውስጥ ይጠየቃል፤ አደባባይ ላይ ግን ማንም አይጠይቀውም። በክብሪቱ ራስ ላይ ያለው ድኝ ሲነድድ የሚሰጠው ጋዝ መተንፈሻን ይቆጠቁጣል እንጂ አንጎልን አያረጋጋም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። «ችግሩ የመሣሪያ እጥረት ነው፤ የአንጎል ሞገድ መመዝገቢያ ቢመጣልን ኖሮ» የሚል አስተያየት በባልደረቦቼ መካከል ደጋግሜ እሰማለሁ። ሃንስ በርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን የአንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝግቦ በ1929 ማሳተሙ ለፊዚክስ ሰው የሚያስደስት ታሪክ ነው። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በቆየሁበት ጊዜ ደካማ ምልክትን ከሁካታ መካከል መለየት ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ ስላየሁ ለመሣሪያው ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ነገር ግን በሽታው ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ምዝገባ ምንም ምልክት ላያሳዩ ይችላሉ፤ መሣሪያው የሚለካው ሕመሙ ባልተነሣበት ሰዓት ነውና። ሐኪሙ የሚወስነው በዋናነት ባየ ሰው ምስክርነት ነው። ታማሚው ራሱ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ያን ጊዜ አያስታውሰውም። እንግዲህ ሁሉም ፊቱን ካዞረ ማን ይመስክር?

ምስክሩ የሚያየው ነገር ብዙ ነው። ሰውየው ሲወድቅ ጮኸ? ደረቀ? መንዘፍዘፉ ከአንድ እጅ ጀመረ ወይስ ሁለቱም ወገን እኩል ነበር? ዓይኑ ክፍት ነበር? ምላሱን ነከሰ፣ ሽንቱስ አመለጠው? ሲነቃ ወዲያው ተናገረ ወይስ ተደናግሮ አንቀላፋ? በቅዳሴ ብዙ ቆሞ ላብ አጥምቆት፣ ነጥቶ የወደቀና በቅጽበት የነቃ ሰው ምናልባት ራሱን የሳተ ብቻ ነው። በክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዛ የምትቀር፣ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ የምትቀጥል ልጅ ደግሞ አንድም ቀን ሳትወድቅ ታማሚ ልትሆን ትችላለች፤ ይህን የሚያየው መምህሯ ነው፤ «ልብሽ የት ሄደ?» ብሎ ከመቆጣት ይልቅ ቢመዘግበው ይጠቅማታል። አንድ ጊዜ መውደቅ ብቻውን የሚጥል በሽታ አያሰኝም፤ ያለ ቅርብ ምክንያት መደጋገሙ ነው የሚታየው።

በአገራችን የዚህ ዓይነት ጥናት ትልቁ ምሳሌ ቡታጅራ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ተዘዋውረው 60,820 ሰዎችን አዳርሰው 316 ታማሚዎችን አገኙ፤ ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ከእነዚያ መካከል የታወቀውን መድኃኒት የወሰዱት ከመቶ 1.6 ብቻ ነበሩ። በብዛት የተለመደው ዕፅ፣ ፀበልና ክታብ ነበር። መድኃኒቱ ግን አዲስ አልነበረም፤ ፌኖባርቢታል በዚህ ሕመም ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ርካሽ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ታማሚዎች ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከመቶ እስከ 70 የሚደርሱት ሳይነሣባቸው መኖር ይችላሉ። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ በገጠር ጤና ጣቢያዎች የሠለጠኑ ነርሶች ይህንኑ ሕክምና ሲሰጡ መቆየታቸው ያለ ትልቅ መሣሪያም ሥራው እንደሚሠራ አሳይቷል። ፀበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፤ ክኒኑን ግን ይዞ ይሂድ። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ሳያባራ የሚቀጥል መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላልና።

በአዊ ጉዳዩ ይበልጥ ያስቸኩላል። የእንጅባራ ብርድ ሰውን ከእሳት ዳር አያርቀውም፤ ምድጃውም በብዙ ቤት መሬት ላይ ነው። በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ማክሰል የብዙ ገበሬ ኑሮ ሆኗል፤ በከሰል ምድጃው አጠገብ የሚወድቅ ሰው አለ። ፈረስ ለአገው ክብሩ ነው፤ ሕመሙ ያልተያዘለት ሰው ግን በፈረስ ላይ ሳለ ቢነሣበት ለሞት ሊያበቃው ይችላል። እሳት ላይ የወደቀን ሰው «ይጋባብኛል» ብሎ ሳያነሣ የቆመ ሰው በእኔ ግምት የሚያደርሰው ጉዳት በሽታው ከሚያደርሰው ያላነሰ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የምለው ይህ ነው። ወደ ታማሚው ቅረቡ፤ እሳትና ድንጋይ ከአጠገቡ አርቁ፤ ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጃኬት አድርጉ፤ መንዘፍዘፉ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። በኃይል አትያዙት፤ ማንኪያም ሆነ ብረት በአፉ አታስገቡ። ሰዓታችሁን ተመልከቱ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከተነሣበት ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። ቤተሰቡ ከፈቀደ በስልክ መቅረጽም ለሐኪሙ ብዙ ይረዳል፤ የተቀረጸው ግን ለሐኪሙ ብቻ ይታይ። ያያችሁትንም በአማርኛ ወይም በአውኚ፣ በሚቀላችሁ ቋንቋ፣ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ለነርሷ ንገሩ።