ጆይስቲኩን ወዲህ በሉት!

ዛሬ የምናወራው ስለ ፕሌይስቴሽን ነው። ወንዶች፣ ቶሎ አትደሰቱ! ስለ ኳስ ጌም አይደለም። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠው ያ ጥቁር ሳጥን ከጌም ሌላ ስለሚሠራው ሥራ ነው፤ ፊልም ስለማሳየትና ዘፈን ስለማጫወት። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ሳጥኑ ቤት የገባው በፊልም ስም ነው፤ ስለዚህ የቤተሰቡ ሁሉ ነው። ወንድ ልጅ "የኔ ነው" ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሊቀመጥበት አይገባም።

ነገሩን ከፕሌይስቴሽን ቤት እንጀምር። ሮቤም ሆነ ጎባ ያደገ ያውቀዋል። የቆርቆሮ በር፣ በሩ ላይ መጋረጃ፣ ውስጥ አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከኋላ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ ሠራዊት። የሚከፈለው በጌም ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል። እኛ ሴቶች እዚያ የምንደርሰው ወንድማችንን ለምሳ ልንጠራ ብቻ ነው። ያውም መጋረጃውን ገለጥ አድርገን፣ ከበር ሳናልፍ! ገብታችሁ አትቀመጡ የሚል ሕግ የለም። ሰፈሩ ምን እንደሚል ግን እናውቃለን። አዲስ አበባም ቢሆን በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ዘመቻ በተባለ ቁጥር ፕሌይስቴሽን ቤት ስሙ ከሺሻ ቤትና ከጫት ቤት ጋር አንድ ላይ ሲጠራ ነው የኖረው።

ታዲያ ይህን የመሰለ ስም ያለው ዕቃ እንዴት ሳሎን ገባ? ብልጥ ልጅ አባቱን "ጌም ልጫወት ግዛልኝ" አይልም። "አባዬ፣ ፊልምም ያሳያል እኮ! የሠርጋችሁን ዲቪዲ እናይበታለን" ነው የሚለው። ባሌ ደግሞ ስንዴ በበልግም በመኸርም ስለሚታጨድ፣ ኮምባይነሩ ከማሳው በወጣ ቁጥር ይህ ልመና ይታደሳል። በዓመት ሁለቴ ማለት ነው፤ አባቶችን የምር እናዝንላቸዋለን።

ዘዴው የኛ ልጆች ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን በጃፓን ገበያ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ነው፤ ዋጋውም 39,800 የን ነበር። በዚያን ጊዜ ዲቪዲ ማጫወቻ ራሱ ውድ ነበርና ብዙ ጃፓናዊ ሲገዛው ፊልምንም አስቦ ነው። ማሽኑ እስኪቋረጥ ድረስ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በአንጻሩ ማይክሮሶፍት በ2001 ያወጣው ኤክስቦክስ ዲቪዲ እንዲያሳይ ለብቻው የሚሸጥ ሪሞት መግዛት የግድ ነበር። ከሁሉም በፊት የመጣው ፒኤስ 1 ደግሞ የዘፈን ሲዲ ያጫውታል። ድምፁ ጥሩ ነው ተብሎ ስቴሪዮፋይል የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2008 እንደ ሲዲ ማጫወቻ ቆጥሮ ገምግሞታል። ቁም ሣጥን ላይ የተረሳ ፒኤስ 1 ያላችሁ ለቆራሌው አትስጡ፤ እዘኑለት!

እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ቪሲዲ የሚባል ነገር ጠበቀው። ከሚሊኒየሙ በፊትና በኋላ በነበሩት ዓመታት የአማርኛውም የኦሮምኛውም ክሊፕ፣ ድራማው፣ ቀልዱ የሚሸጠው በቪሲዲ ነበር። ቪሲዲ ርካሽ ነው። አንዱ ዲስክ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ በላይ ስለማይዝ ፊልሙ ልብ ሰቅሎ ይቆምና ሁለተኛውን ዲስክ ፍለጋ ቤቱ ይታመሳል። ሠርግ ቀራጮችም ብዙ ጊዜ የሚያስረክቡት በሱ ነበር። እና ጉዱ ምን መሰላችሁ? ፕሌይስቴሽን 2 ቪሲዲ አያነብም! ዲቪዲ ያነባል፣ የዘፈን ሲዲ ያነባል፣ ለቪሲዲ ግን የሌላ ሰው ፕሮግራም ካልተጫነለት እምቢ ይላል። ሶኒ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ቪሲዲ የሚወደድበት እስያ ስለሆነ ለዚያ ገበያ ብቻ በ1997 ቪሲዲ የሚያነብ ነጭ ፒኤስ 1 ሠርቷል። ባሌን ማን ያስታውስ! ስለዚህ ልጁ በሠርግ ስም ያስገዛው ሳጥን የሆሊውዱን ፊልም ፏ አድርጎ እያሳየ የናትና አባቱን ሠርግ አላሳይም ያለባቸው ቤቶች አሉ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ የጌም ብቻ ሆነ፤ ጌም ከሆነ ደግሞ የወንድ ልጅ ብቻ ሆነ። እናትም ወደ ጓዳ፣ እህትም ወደ ጓዳ።

(በነገራችን ላይ ዲቪዲም የራሱ ድንበር ነበረው። ዓለም በቁጥር ተከፋፍላ ኢትዮጵያ 5 ውስጥ፣ ዱባይ 2 ውስጥ ተመድበዋል። በደንቡ ከሄድን ከዱባይ የመጣ ማሽን ለኛ የተመደበውን ዲስክ ማንበብ አልነበረበትም። ማንም ሰው ይህን አላስተዋለም፤ ምክንያቱም እጃችን ላይ የነበረው ዲስክ ሁሉ ተገልባጭ ነው፣ ተገልባጭ ድንበር አያውቅም። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ምን እንደሚል ተምረናል፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን።)

ነገሩን የቀየረው ፍላሽ ነው። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከየአገሩ የመጣው ተማሪ ፊልሙን በላፕቶፕና በሃርድ ዲስክ ተሸክሞ ነው ሮቤ የገባው። "ፊልም እንጭናለን፣ ሙዚቃ እንጭናለን" የሚለውም ጽሑፍ በየሱቁ በር ላይ ተለጠፈ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ፒኤስ 3 ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ ነበረው። በ2007 መጨረሻ ደግሞ ያን ጊዜ አብዛኛው የተገለበጠ ፊልም የሚመጣበትን ዲቪኤክስን ማንበብ ቻለ። ፍላሹ ፋት 32 ይሁን፣ አንዱ ፊልም ከ4 ጊጋ አይብለጥ፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ያ እምቢ የተባለው የሠርግ ቪሲዲም በኮምፒውተር ተገልብጦ በፍላሽ ሲመጣ ታየ!

እዚህ ላይ ነው ሳሎኑ የተለወጠው። ቢጫው ገመድ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ቀዩና ነጩ ጂፓሱ ላይ ተሰክቶ፣ ቡናው እየተፈላ፣ አሊ ቢራ ከፕሌይስቴሽን ውስጥ ይዘፍናል። ማታ ደግሞ ብርዱ በሩን አስዘግቶን (የሮቤን የማታ ብርድ ላልቀመሳችሁ ማስረዳት አንችልም) በአማርኛ የተተረጎመ ፊልም ይከፈታል። እናቶቻችን ጆይስቲክ መያዝ የተማሩት ያኔ ነው። ኤክስ ማስገቢያ፣ ክብ መመለሻ። ኳስ ጌም ቢሆን ኖሮ አንዳቸውም ባልነኩት ነበር። እኛም መጋረጃ ገልጠን ከበር ላይ የምናየውን ማሽን ሶፋ ላይ ተቀምጠን "ቀጣዩ የኔ ምርጫ ነው!" ማለት ጀመርን። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ማታ ማታ ቤቱ ምን እንደሚያይ የሚወስን ሰው ግን በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ ያለው ሰው ነው።

ወንድሞቻችን ታዲያ ሰበብ አያጡም። አንደኛው "ፊልም ሲበዛበት ሌንሱ ይደክማል" ነው። ዲስክ ከሆነ እውነት አለው፤ ማሽኑ በሠራ ቁጥር ሌንሱ ያረጃል። ግን ፍላሽ ላይ ያለን ፊልም ሌንስ አያነበውም፣ ጎበዝ! ከዲስክ የሚነሳው የናንተው ጌም ነው። ሁለተኛው "ይሞቃል፣ ይረፍ" የሚለው ነው። እናት የጀመረችው ፊልም ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የሚሞቅ ማሽን ኳስ ሊጀመር ሲል ወዲያው ይቀዘቅዛል! አንዱን ክስ ግን እንቀበላለን፤ የመብራቱን። የመጀመሪያዎቹ ወፍራም ፒኤስ 3ዎች ፊልም ሲያሳዩ ብቻ ከ100 ዋት በላይ ይበላሉ፣ ተራ ዲቪዲ ማጫወቻ ግን 20 ዋትም አይሞላም። ቀኑን ሙሉ ዘፈን ለማዳመጥ ከሆነ ሌላ ማጫወቻ ካለ እሱን ክፈቱ። በዚህ አንከራከርም።

የምንከራከረው ስለ አዲሱ ነው። አሁን ልጆቹ "ፒኤስ 3 አረጀ፣ ተሸጦ ይቀየር" እያሉ ነው። አዲሱ ለጌም ይሻላል፤ ለሳሎን ግን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፒኤስ 4 የዘፈን ሲዲ ማጫወት አቆመ። ከፍላሽ ፊልም የሚያሳየው ፕሮግራም የመጣለትም በሰኔ 2015 ነው። በ2020 የወጣው ፒኤስ 5 ጭራሽ ዲስክ ማስገቢያ የሌለው ዓይነትም አለው። ኩባንያው በየወሩ እየከፈልን ከኢንተርኔት እንድናይ ነው የሚፈልገው። ከተሜ ነን፣ ኢንተርኔት ጠልተን አይደለም። ግን አንድ ፊልም በጥራት ለማየት የሚያልቀው ዳታ በሱቁ ፍላሽ ስንት ፊልም እንደሚያስጭን አስሉት። ለዚያውም መስመሩ ካልተቆራረጠ ነው። ማሽኑ በተራቀቀ ቁጥር እጃችን ላይ ያለውን ነገር እየናቀ መጥቷል፤ ድሮ ቪሲዲ፣ ቀጥሎ ሲዲ፣ አሁን ዲስክ በሙሉ።

ስለዚህ በዚህ አዝመራ ፕሌይስቴሽን ሊገዛ ያሰበ ቤተሰብ ካለ ልጁን ብቻውን ሱቅ አትላኩት። እህቱ አብራው ትሂድ። የሠርጉን ዲስክና አንድ ፊልም ያለበት ፍላሽ በቦርሳዋ ትያዝ። ባለሱቁ ኳስ ጌም ከፍቶ "ጥራቱን እዩት!" ሲል እሷ ዲስኩን ታውጣና "ይሄን አጫውትልኝ" ትበለው። እምቢ ካለ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ሩቅ አይደለም።