የዘረመል መመርመሪያው ናጋድ ሳይሆን ሚሌ ይቀመጥ

ናጋድ ከደረሰ በኋላ ፍየሉ መታመሙ የታወቀበት ነጋዴ ብዙ ምርጫ የለውም። የመኪናው ኪራይ ተከፍሏል፣ መኖና ውሃ ወጥቷል፣ ድንበር ታልፏል፤ ቀጥሎ ያለው በባህሩ ዳር ዳመርጆግ የሚገኘው ኳራንቲን ነው። ያው ፍየል ሚሌ ላይ ተይዞ ቢሆን ገና አገሩ ነበር፤ ተለይቶ ይታከማል፣ ባለቤቱም የሚከስረው ጥቂት ነው። በኤሌክትሪክ ዲኤንኤን የሚለዩ ትንንሽ መመርመሪያዎች ወሬ ሲነሣ ሁሉም የሚጠይቀው ዋጋቸውን ነው። መቅደም የነበረበት ግን የት እንደሚቀመጡ ነው፤ አሠራራቸውም የሚወሰነው በዚሁ ነውና።

መሣሪያው የስኳር በሽተኛ ቤቱ ከሚይዘው መለኪያ ጋር ዘመድ ነው። ስትሪፕ አለው፣ ጠብታ ይደረግበታል፣ ቁጥር ይነበባል። ዲኤንኤ ሁለት ክር ሲሆን እያንዳንዱ ክር የሚፈልገው ጥንዱን ብቻ ነው። በወርቅ በተቀባው ስትሪፕ ላይ የበሽታው ጥንድ የሆነ አጭር ክር ይተከላል፤ ጫፉ ላይም ሜቲሊን ብሉ የሚባል ቀለም ይታሰራል። ናሙናው ውስጥ የበሽታው ዲኤንኤ ካለ ከተተከለው ክር ጋር ይጣመራል፤ ያኔ ቀለሙ ከወርቁ ጋር የሚለዋወጠው ኤሌክትሪክ ይቀየራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዲኤንኤ በኤሌክትሮድ ሊለካ እንደሚችል ኤሚል ፓሌቼክ የተባለው የቼክ ሳይንቲስት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው።

ችግሩ የክሮቹ ጥምረት በሙቀት መላላቱ ነው። አየር ማቀዝቀዣ ባለው ክፍል የተስተካከለ ስትሪፕ በአፋር ሙቀት፣ ወይም ጅቡቲ ላይ ካምሲን ሲነፍስ ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር፣ ስትሪፑም እርጥበት እንዳያገኘው አንድ አንድ ሆኖ የታሸገ መሆን አለበት። ሌላም አለ። ናሙና ውስጥ ያለው የበሽታ ዲኤንኤ አብዛኛውን ጊዜ እጅግ ጥቂት ስለሆነ መጀመሪያ መባዛት አለበት፤ ይህም ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በአምስት ደቂቃ ውጤት ይሰጣል የሚል ሻጭ ከመጣ ማባዣው የት እንዳለ ይጠየቅ።

የትኛው በሽታ ይጀመር የሚለው ላይ ደግሞ ነጋዴው ባይታለል ይሻላል። ባሕረ ሰላጤው ገበያ ላይ ትልቁ ፍርሃት የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ነው፤ ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2000 የአፍሪካ ቀንድን እንስሳት ያገደችው በእሱ ምክንያት ነበር። የዚህ በሽታ ቫይረስ ግን አርኤንኤ እንጂ ዲኤንኤ የለውም፤ ለመመርመር ተጨማሪ እርምጃ ይጠይቃል። ደም ውስጥ የሚቆየውም ለጥቂት ቀናት ነው። ደስታ መሰል በሽታና አፍተግርም አርኤንኤ ናቸው። ብሩሴላ ዲኤንኤ አለው፤ ነገር ግን በንፍፊትና በጡት ውስጥ ስለሚደበቅ የደም ናሙና ንጹሕ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። በሮዝ ቤንጋል ሮዝ ጠብታ በአራት ደቂቃ የሚታየው የአንቲቦዲ ምርመራ ስለዚህ ቦታውን አይለቅም። አዲሱ መሣሪያ ይተካዋል የሚል ሰው ነጋዴውን ወደብ ላይ ያስቀረዋል።

መሣሪያው በእውነት የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። የጉርብርብ በሽታና የበግና የፍየል ፈንጣጣ ዲኤንኤ ያላቸው ቫይረሶች ናቸው፤ ቆዳው ላይ ያበጠው እብጠትም ቫይረሱ ሞልቶበታል። በክትባት ምክንያት ያበጠውን በበሽታ ካበጠው መለየትም በዘረመል ይቻላል፤ በዓይን ግን ይህ አይሆንም፣ ስንት ጤነኛ ወይፈን በዚሁ ተጠርጥሮ ከመንጋ ወጥቷል። የፍየል ሳንባ በሽታም አለ። አምጪው ተህዋስ ላቦራቶሪ ውስጥ ለማብቀል አስቸጋሪ ስለሆነ ዘረመሉን መፈለግ ይቀላል፤ በጊዜ ከተያዘም በመድኃኒት ይታከማል።

አንድ ነገር ግን ያለ ድርድር ይጠየቅ፦ እያንዳንዱ ስትሪፕ የእንስሳውን የራሱን ዲኤንኤ የሚለይ ሁለተኛ ኤሌክትሮድ ይኑረው። እሱ ከሌለ «በሽታ የለም» እና «ናሙናው በትክክል አልተወሰደም» የሚሉት ሁለት ነገሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ። ውጤቱም ከጆሮ ቁጥሩ ጋር እዚያው ይመዝገብ፤ ከመንጋ ውስጥ እንስሳ መቀያየር አዲስ ነገር አይደለም።

ተቀባዩ አገር የማያውቀው ምርመራ ግን የምስክር ወረቀት አይሆንም። የአስመጪው ሐኪም የሚጠይቀው የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት መመሪያ ያወቃቸውን ምርመራዎች ነው። ስለዚህ መሣሪያው ለጊዜው ለነጋዴው ማጣሪያ እንጂ ለወደቡ ማለፊያ አይደለም፤ ማጣሪያ ደግሞ የሚቀመጠው መጫኛው ላይ፣ ሚሌ ወይም ጅግጅጋ ነው። ለሐጅ የሚሆነው እንስሳ መጫን ከመጀመሩ ወራት በፊት፣ ተመሳሳይ ናሙና በመሣሪያውም በሰበታው የእንስሳት ጤና ተቋም ላቦራቶሪም ጎን ለጎን ይመርመር። ሁለቱ የተለያዩበት እንስሳ ሁሉ ይመዝገብ፤ መዝገቡንም ወጪውን የሚሸፍኑት የነጋዴ ማኅበራት ይዩት።